ኤሊ የዳኘችው ገበጣ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ በረቱን ለላሞቹ ትተን ወደ ጫካ እንሂድ።

ዱሮ አራዊት ሁሉ ከያሉበት እየመጡ አንድ ዋርካ ሥር ገበጣ ይጫወቱ ነበር። ዳኛቸው ኤሊ ናት፤ የማትቸኩል፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጣት። ሰሞኑን ግን ከገበጣው ሰባት ጠጠር ጠፍቶ ጨዋታው ሊፈርስ ሆነና ጭንቅ ይዟታል።

ያን ቀን ጦጣ ከርከሮን አሸነፈች። ጫካው በእልልታ ቀለጠ። ጃርት ግን ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ "ሌባ ናት፣ ትባረርልን" እያለ ጮኸ።

ኤሊ አንገቷን ቀስ አድርጋ አወጣችና፣ "ያሸነፈ መፎከር ወጋችን ነው። በይ እስቲ እመት ጦጣ፣ ፎክሪ" አለች።

ጦጣ አፏን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። አራዊቱ "ትፎክር፣ ትፎክር" እያሉ ሲያጨበጭቡላት ግን ውዳሴ ነፍሷ ነውና ደሟ ፈላ። ዘላ ተነሥታ "ዘራፍ" ከማለቷ ሦስት ጠጠር ከጉንጯ ወጥቶ ኤሊ ፊት ዱብ ዱብ አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ኤሊ አልሳቀችም። ጠጠሮቹን ለቅማ ወደ ጉድጓዳቸው መለሰችና፣ "አራት ይቀራል" አለች። ከዚያ ወደ ጃርት ዞረች። "አያ ጃርት፣ እስቲ አንተም ተነሥና ፎክርልን።"

ጃርት ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተነሣም። ከጎኑ የተቀመጡትም አልተነሡም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ እናንተም እስቲ ከተቀመጣችሁበት ተነሡ።