በድንበር ላይ የጠፋው ወንዝ

አንዲት ትርሲት የምትባል ሳይንቲስት ነበረች። ሥራዋ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተባብረው አንድ ከባድ ስሌት እንዲሠሩ ማድረግ ነው። በወጣትነቷ በአራት አሮጌ ማሽኖች የጀመረችው ምርምር ከሃያ ዓመት በኋላ አዳራሽ የሚሞላ ሆነ፤ እሷም የማዕከሉ ኃላፊ ሆነች። ክረምት ሲገባ ወንዞች እስከ የት እንደሚሞሉ አስቀድማ ትናገራለች፤ የተናገረችው ጠብ አይልም።

እየቆየ ግን ሰው ትርሲትን ከማክበር አልፎ ይፈራት ጀመር። ተማሪ ሳለች የጻፈችውን ፕሮግራም ማንም አይነካውም። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባ በስብሰባ ላይ ጥያቄ ቢያነሳ፣ «ይሄን እኮ አንተ ሳትመጣ ነው የጨረስነው» ብላ አፉን አስያዘችው። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ጠፋ። እሷም ዝምታውን ስምምነት መሰላት።

አንድ ነሐሴ ዝናቡ አላባራ አለ። የአንዲት ወንዝ ዳር ያለች ቆላማ ከተማ ከንቲባ ደወሉ።

«ዶክተር፣ ሕዝቡን ላስወጣ ወይስ ይቀመጥ?»

ማዕከሉ አዲሱን ግዙፍ ኮምፒውተር ከተከለ ገና ወሩ ነበር። ስሌቱ ተሠራ፤ ውሃው ከዳርቻው አያልፍም የሚል ውጤት ወጣ። ትርሲት ፈርማ ላከች።

በማግስቱ ጠዋት ኩምሳ የሚባል ፕሮግራመር ቢሮዋ ገባ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን አይቆጡኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ገባሩ ወንዝ ጠፍቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስሌቱ ወንዙ ተቆራርጦ ለየማሽኑ ይታደላል። በአሮጌው ኮምፒውተር ቁራሾቹ ጥቂትና ሰፋፊ ስለነበሩ፣ ከከተማዋ በላይ ገባሩ ከትልቁ ወንዝ የሚቀላቀልበት ቦታ በአንዱ ቁራሽ መሃል ይውል ነበር። አዲሱ ቁራሾቹን ሲያበዛቸው ግን መገናኛው በሁለት ማሽኖች ድንበር ላይ ወደቀ። ይኼኛው የዚያኛው ድርሻ ነው ብሎ ተወው፤ ያኛውም የዚህኛው ነው ብሎ ተወው። ያን ሁሉ ውሃ የቆጠረ የለም። ስህተቱ ያለው ደግሞ ትርሲት በተማሪነቷ በጻፈችው ፕሮግራም ውስጥ ነው።

ትርሲት ከወንበሯ ተነሳች። «መቼ ነው ያየኸው?»

«ሳምንት ሆኖኛል፤ አዲሱን ኮምፒውተር ስንሞክር።»

«ሳምንት! ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ኩምሳ ወለሉን እያየ «ፈርቼ» አለ።

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ከስህተቱ ይልቅ ይህች ቃል አመመቻት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ወንበር ስባ «ና ተቀመጥ፤ አሳየኝ» አለችው። ጎን ለጎን ተቀምጠው መስመሩን አረሙ፤ ስሌቱንም ደገሙት። እኩለ ቀን ላይ ውጤቱ ወጣ። ውሃው በማግስቱ ማለዳ የከተማዋን ግማሽ ያጥለቀልቃል።

አብሯት የተማረው ምክትሏ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ እንበላቸው» አላት። «አለዚያ የሃያ ዓመት ስምሽ ይጠፋል።»

«ስሜ ይጥፋ፤ ሰው አይጥፋ» አለችና ስልኩን አነሳች።

«ክቡር ከንቲባ፣ ትናንት የላክሁልዎት ስህተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እባክዎ ዛሬ ሳይመሽ ሕዝቡን ያስወጡ።»

ከንቲባው መልሰው ጠየቁ። «አሁንስ እርግጠኛ ነዎት?»

«ትናንት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን አረጋግጫለሁ።»

ሕዝቡ ልጁንና ከብቱን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ። ጎህ ሲቀድ ውሃው መጣ። ገበያውን፣ ወፍጮ ቤቱንና የታችኛውን ሰፈር ዋጠው። ትርሲትና ኩምሳ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ረፋድ ላይ ጮኸ።

«ቤት ብዙ ሄዷል» አሉ ከንቲባው። «ሰው ግን አልጎደለም! ሦስት ጊዜ አስቆጠርኩ፤ አንድም ሰው አልጎደለም! እግዜር ይስጥልን።»

ትርሲት ስልኩን ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያ ሁሉ ጭንቀት በእንባዋ ወጣላት። ኩምሳም ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እንዳትነግረኝ ያደረግሁህ እኔ ነኝ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ይቅር በለኝ።»

«እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ስህተቷን ጽፋ ለሁሉም አሳወቀች። ከኃላፊነቷ ትነሳለች ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ አልተነሳችም። ይልቁንም በየሰኞው ስብሰባ «የእኔ ሥራ የቱ ጋ ይጎድላል?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። በመጀመሪያው ሰኞ አንድም ሰው አልተናገረም። በሁለተኛው ኩምሳ ተናገረ። ወር ሳይሞላ ሰዉ ተራ ይሻማ ጀመር፤ ትርሲትም እንደዚያ ወር ቀሏት ሠርታ አታውቅም።

ወዳጄ ሆይ፣ አዋቂ ሰው መሳሳቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ሲያጣ ነው። በቤትህም ሆነ በሥራህ ሁሉም ዝም ሲል ተስማሙልኝ ብለህ ደስ አይበልህ፤ ፈርተው ይሆናል። አንተም የታየህን እውነት አታሳድር፤ ለአንድ ሳምንት የተዋጠች ቃል ከተማ ልታሰምጥ ትችላለችና።

ለመሆኑ ሳይፈራ መጥቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚልህ ሰው አለህ?