ፊሎሜናና ራስ የሌለው ሰውዬ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ይህ የሆነው የኔም አያት አያት ሳይወለዱ ነው። ባሕር ማዶ፣ ሮማውያን በቆረቆሯት በሞንቴሪና ከተማ፣ ፊሎሜና የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ያላት አንዲት ጎጆ ብቻ ነበረች፤ ጎጆዋም የቆመችው ሮማውያን ትተውት የሄዱትን፣ ራስ የሌለውን የድንጋይ ሐውልት ተደግፋ ነው። እሱ ከተነሳ ጣሪያዋ ይወርዳል። በተዘረጋው ክንዱ ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ሲደክማትም ታወራዋለች። ከሟቹ ባሌ ይሻላል፣ ቢያንስ ያዳምጠኛል ትል ነበር። ጆሮ እንኳ የለውም እኮ!

አንድ ቀን የከተማዋ ጳጳስ ሐውልቱን «ጣዖት ነው፣ ይሰበር» አሉ። ድንጋይ ጠራቢው መዶሻውን ይዞ መጣ። ፊሎሜና ግን ቀድማ፣ ያጠበችውን የጳጳሱን ነጭ ቀሚስ ለሐውልቱ አልብሳ ጠበቀችው። ጠራቢው ቀሚሱን አየ፤ ቆቡን አወለቀ፤ የቀሚሱን ጫፍ ተሳልሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቀጥሎ የከተማዋ ገዥ መስፍኑ ተነሳ። የሮማውያኑን ክብ ትያትር አፍርሶ የአሳማ ጋጣ ሠርቶበታል፤ የመታጠቢያ ቤታቸውን ድንጋይ አቃጥሎ ኖራ አድርጎታል። አሁን ደግሞ ሐውልቱንም ለኖራ አምጡ አለ። ፊሎሜናም የመስፍኑን የውስጥ ሱሪ በሐውልቱ ክንድ ላይ ሰቀለችው። ሦስት ቦታ ተጥፏል። ገበያተኛው እየመጣ እራፊውን ቆጠረ። ቀኑ ሳይመሽ መስፍኑ መልእክተኛ ላከባት፤ ሱሪውን ታውርድልኝ፣ ድንጋዩን ትቼላታለሁ አለ።

ሦስተኛው ግን የባሰ ነበር። ከተማዋን የያዘ የባዕድ ጄኔራል መጣ። መድፉ በጠባቧ መንገድ አላልፍ ስላለው ሐውልቱም ጎጆውም ነገ ይፈርሳሉ ብሎ አዘዘ። ይህን ጊዜ ፊሎሜና አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ጭቃ የጠጣውን የጄኔራሉን ኮት ተቀብላ አጠበችና ሐውልቱን አለበሰችው። በማግስቱ ጄኔራሉ በካናቴራ ቆሞ አፍርሱ ቢል ወታደሮቹ አንተ ደግሞ ማን ነህ አሉት። ተናዶ ኮቱን ሊወስድ መጣ።

«ጌታዬ፣ እርጥብ ለብሰው ቢታመሙ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይድረቅና የፈለጉትን ያድርጉ» አለችው።

እውነቷን ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ዞር ባለ ቁጥር እሷ በጭልፋ ውሃ ትረጫለች። ሁለት ቀን ሆነ፤ አራት ቀን ሆነ፤ አልደረቀም። በዘጠነኛው ቀን የአገሩ ንጉሥ በአስቸኳይ ጠራው። ኮቱን እንደረጠበ ለብሶ፣ እያስነጠሰ ሄደ።

ፊሎሜና በዚያችው ጎጆ አርጅታ ሞተች። ሐውልቱ ዛሬም ቆሟል። በሞንቴሪና አዲስ ከንቲባ ሲሾም ኮቱን አውልቆ ይሰጣል፤ ኮቱ ታጥቦ ሐውልቱ ይለብሰዋል፤ እስኪደርቅ ድረስ ከንቲባው የማንንም ቤት አፍርሱ ማለት አይችልም። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ጭልፋ ይዘው በዚያ ያልፋሉ። የአሁኑ ከንቲባ ከተሾመ ሰባት ወሩ ነው፤ ኮቱ ገና አልደረቀም። ጭልፋውን የያዘችው አማቱ ናት አሉ።