አንካሳው ውሻና ዕውሯ ድመት

ተረት ተረት ብለን ውሻውን አጥር ላይ እንዳወጣነው ነው የደረስከው፤ ግባና ተቀመጥ።

ውሻው አጥሩን ዘሎ ወደ ግቢው ሲመለስ ልኳንዳ ቤት ደጅ ያገኘውን አጥንት በአፉ ይዟል። መጀመሪያ ወደዚያ ግቢ የመጣው መኪና ገጭቶት የኋላ እግሩ በተሰበረ ጊዜ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ውባለም የታመመ እንስሳ እየሰበሰቡ ያስታምማሉ፤ የዳነውን ግን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ውሻው ከዳነ ወር አልፎታል። እሳቸው ባሉበት ግን እንደ ድሮው ያነክሳል፤ ማን ምቾት ጠልቶ የሰው ዘበኛ ይሆናል?

«አዘላለልህ ያምራል» አለችው ፀሐይ ላይ የተጋደመችው ዕውር ድመት።

«አንቺ ደግሞ በምን ዓይንሽ አየሽው?»

«በሁለቱም። ከበሩልኝ ሁለት ወር አለፋቸው። ወተቱን በማንኪያ እየተጋትኩ ለምን ብዬ ልናገር? አጥንቱን ደብቅ፣ መጡ።»

እውነትም በሩ ተከፈተ። ከእትዬ ውባለም ኋላ አንድ ሰውዬ እግሩ የተሰበረ ቡችላ ታቅፎ ቆሟል። ውሻው እግሩን አንጠልጥሎ እያነከሰ ሊቀበላቸው ሄደ፤ ድመቷም ግድግዳውን በግንባሯ ገጨት አደረገች።

«ይኸው፣ በዓይንህ እየው ወንድሜ» አሉ እትዬ ውባለም ወደ ሁለቱ እየጠቆሙ፤ «የእነዚህ መከራ ሳያልቅ ሌላ የት ላስገባ?»

ሰውዬው ቡችላውን እንደታቀፈ ተመለሰ። ውሻው የቡችላውን ዓይን ላለማየት አንገቱን ደፋ። ድመቷ ጠጋ ብላ በጆሮው እንዲህ አለችው፦

«ዛሬስ አሪፍ አነከስክ። ትናንት በሌላኛው እግርህ አንክሰህ ልታስበላን ነበር።»