ግንበኛው የነቀለው ችካል

አንድ ግንበኛ ነበረ። ልጄ፣ «መንገዱ ይቅደም ወይስ ኤሊዎቹ የሚወልዱበት አሸዋ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የመንገድ ሥራ ኃላፊ ነህና ነገሩ እንቅልፍ ቢነሳህ አይገርመኝም። እኔ መንገድ ሠርቼ አላውቅም። የዚህን ሰው ነገር ሳወራ ግን ዛሬም ልቤ ይዘላል፤ ስማኝ።

ግንበኛው በድልድይ ሥራ አገር ያወቀው ሰው ነበር፤ ደግሞም እልኸኛ። አንዴ ክር ከዘረጋ ጣት ታህል አያዛንፍም። በመንደሩም አንድ ልማድ ነበረ። ግንባታ ሲጀመር ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ችካል መርቀው ይተክላሉ፤ የተመረቀ ችካል የነቀለ ሰው የራሱን ዕድል ነቀለ ይባላል። ስለዚህ ችካሉ ከተተከለ በኋላ ስለ ቦታው ነገር የሚያነሳ አልነበረም።

መንደሩ ከወንዙ ወዲህ፣ ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ወዲያ ነው። በበጋ ልጅ እንኳ እየሮጠ ይሻገረዋል። በክረምት ግን ወንዙ በሬ ጠልፎ ይወስዳል። የግንበኛው ሚስት የሞተችው በሐምሌ ነው፤ ምጥ ይዟት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ የሐኪም ቤቱን ቆርቆሮ ከዚህ ሆነው እያዩት። ሕፃኗ ተረፈች። ያቺ ሕፃን አድጋ ተዳረች፣ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ የመውለጃዋ ጊዜም ሰኔ መጨረሻ ነው። ቀድማ እንዳትሻገር ከማዶ የሚያስጠጋ ዘመድ የላትም። አባቷ ይህን ሲሰማ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙት። መንደሩን ሰብስቦ «ድልድዩ ውሃው ከመሙላቱ በፊት ይቆማል» አለ።

ሥራው በደቦ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሰው ሁልጊዜ በእግሩ በሚሻገርበት በአሸዋው ዳርቻ ችካሉን መርቀው ተከሉ። ግንበኛው ክሩን ዘረጋ፤ ጎረምሳው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወረደ። እንዴት ያለ ጠዋት ነበር መሰለህ። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ መቶው ይቀበላል፣ አፈሩ ይወረወራል። ግንበኛው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ከጫፍ ጫፍ እየሮጠ ይስቃል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ አንድ ዶማ እርጥብ ነገር መታ። እንቁላል ነው፤ ነጭ፣ ክብ፣ ብዙ። ሁለት ክንድ ራቅ ብለው ቢቆፍሩ ሌላ እንቁላል አገኙ። ዘፈኑ ተቋረጠ።

ወንዙ ሲጎድል ዳር ዳሩን ዱባ የምትተክል አንዲት ባልቴት ነበረች። መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች።

«የኤሊዎቹ ነው» አለች። «በአያቴ ጊዜ እንዲህ ያለ አሸዋ በዚህ ወንዝ ላይ ሰባት ቦታ ነበራቸው። አንዱን አረስነው፣ አንዱን ለቤት ግንብ ጭነን ጨረስነው፣ እንዲህ እያልን ስድስቱን አጠፋን። የቀራቸው ይሄ ብቻ ነው። ሌላው ዳር ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ላይ አይወልዱም።»

«ታዲያ በቅርጫት ወደ ሌላ ቦታ እንውሰደዋ» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«የዶሮ እንቁላል መሰለህ? ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። ቢተርፍስ፣ ለከርሞ እናቶቹ ሲመጡ የት ይውለዱ?»

የግንበኛው ደም ፈላ። «እትዬ፣ ሚስቴን ያጣሁት በዚህ ወንዝ ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ለኤሊ ብዬ ልጄን ልቅበር?»

ባልቴቷ አልተቆጣችም። «ሚስትህ የሞተችው እጄ ላይ ነው» አለችው። «ድልድዩ ይቅር አላልኩም። ይልቅስ ፍጠን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ክሩን እዚህ ከመዘርጋትህ በፊት ወደ ላይ ወጥተህ አይተሃል?»

ግንበኛው አላየም ነበር። አባቶቹ እዚያ ስለሚሻገሩ፣ እሱም በልጅነቱ እዚያ ስለተሻገረ፣ ድልድዩም እዚያው ይሁን ብሎ ነበር። እፍረት ፊቱን አቃጠለው። በእግሩ የሚሻገር ሰው ነው ውሃው ሳስቶ የተነጠፈበትን አሸዋ የሚፈልገው፤ ድልድይ አሸዋ ምን ያደርግለታል? ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው።

ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ሄደ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደ ወንዙ በሁለት አለቶች መካከል ይጠባል። አለቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ ጽኑ ነው። ግን ዳገት ነው። መውጫውን ገደል ፍቆ መቁረጥ፣ ድንጋዩን በትከሻ ማውጣት፣ ለኖራው የሚሆነውን አሸዋ ከሩቅ ደረቅ ሸለቆ በአህያ ማስመጣት ሊኖር ነው። በጣቱ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ቀን ይጨምራል። አሥራ ሁለት ቀን ደግሞ ልጁን ሊያስከፍለው ይችላል።

ተመልሶ ወረደ። ሕዝቡ ሁሉ እያየው ወደ ተመረቀው ችካል ሄደ፣ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፣ ነቀለውም። አንድ ሰው «ኧረ ምን ነካው» ሲል ተሰማ። ግንበኛው ችካሉን እንደያዘ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አባቶቼ፣ ምርቃታችሁን ወደ ላይ አምጡልኝ» አላቸው።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኛ የመረቅነው መሻገሪያውን ነው፤ እንጨቱን አይደለም። ቅደምና ምራን» አሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ! በሦስት ፈረቃ ተሠራ። ሴቱ ኖራ ያቦካል፣ ወንዱ ገደል ይፍቃል፣ አህያው ሸለቆውን ሲመላለስ ይውላል። ሰኔ ገባ። ወደ ደጋው ሰማዩ ጠቆረ፣ ወንዙም ቀላ። የድልድዩ ቅስት መሃሉ ገና ክፍት ሳለ የግንበኛው ልጅ በጠራራ ፀሐይ ምጥ ያዛት። ግንበኛው የመጨረሻውን ድንጋይ በገዛ እጁ አስገባና በመዶሻ ቆለፈው። ሰው ገና በሥጋት ሲያየው መሃሉ ላይ ወጥቶ ዘለለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። «አምጧት» አለ እያለቀሰ። የድጋፍ እንጨቱ እንኳ ሳይነሳ፣ ከሥር ጎርፉ እያጓራ፣ በቃሬዛ ተሸክመው አሻገሯት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከማዶ እልልታው ቀለጠ።

ባልቴቷ በበኩሏ «ኤሊዎቹ ከጎርፉ ሁለት ቀን ቀድመው ተፈልፍለው ወደ ውሃው ወርደዋል» ብላ ለመንደሩ ሁሉ ስታወራ፣ በዚያ ሁካታ የሰማት አልነበረም። ዶማ ያገኛቸው ሁለቱ ጉድጓዶች ግን ምንም አልወጣባቸውም፤ እሱም መነገር አለበት።

እንግዲህ ልጄ፣ ግንበኛው አንተ ነህ፤ ችካሉም ቢሮህ ውስጥ ማኅተም የተመታበት ንድፍ ነው። «ማን ይቅደም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ግን የምልህ፣ ሌላ ቦታ ያለው የትኛው ነው ብለህ ጠይቅ። ኤሊዋ ሌላ አሸዋ የላትም። መንገድህ ግን መቶ እርምጃ ዞር ቢል ያው መንገድ ነው፤ ላብ ይጨምራል እንጂ አይሞትም። ዞር የሚልበት ባይኖር ኖሮ ምክሬ ሌላ በሆነ ነበር፤ ለመሆኑ መኖር አለመኖሩን ወርደህ አይተሃል? ካላየህ፣ በል ነገ በጠዋት ጫማህን አውልቀህ ወንዙ ዳር ውረድ፣ እዚያ የሚኖሩትንም ጠይቅ። ከዚያ ሥራ፤ ፈጥነህ ሥራ፤ ማዶውን እያየች የምታምጥ ሴት ትኖራለች።