ባለ አንድ ዓይኑ ዳሩማና እጇን ያነሳችው ድመት

ተረት አለኝ! «እንሰማለን» በሉ እንጂ! ቁርስ አልበላችሁም? እ... አሁን ገና ሰው ሆናችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ጃፓን በሚሉት አገር፣ ወደ ቤተ መቅደስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ ተደርድሮ ነበር። አንዱ ሱቅ የሃትሱ ነው፤ የሩዝ ቂጣ እየጠበሰች የምትሸጥ ባልቴት። መደርደሪያዋ ላይ ሁለት ተቀምጠዋል፤ አንዷ «ግቡ፣ ግቡ» ብላ እጇን ያነሳች የሸክላ ድመት፣ ሌላው ዳሩማ የሚባል ቀይ አሻንጉሊት። ዳሩማ እጅ የለው፣ እግር የለው፤ መቀመጫው ግን ከባድ ነውና ቢጥሉት ይነሳል።

የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፤ ዳሩማ ሲገዛ ዓይን የለውም። ስትመኝ አንዱን ዓይን በቀለም ታደርግለታለህ፤ ምኞትህ ሲሞላ ሁለተኛውን። ሃትሱ «ሱቄ በሰው ይሙላ» ብላ አንዱን አድርጋለታለች። ሰው ግን ወዴት! ወደ መቅደሱ ሽው! ሲመለስም ሽው!

አንድ ቀን ሃትሱ «ዛሬም ሰው ካልገባ ሱቁን እዘጋለሁ» አለች።

ዳሩማ ደነገጠ።

«እሜቴ ድመት! በአንድ ዓይን ልቀር ነው! ሰው ጥሪልኝ!»

«እጄን አንስቼ የለም? ከዚህ በላይ እስክስታ ልውረድልህ?»

ዳሩማ ጣራው ላይ ያለውን ቁራ ለመነ። «አያ ቁራ፣ አንተ ጥራልኝ!»

ቁራ ጮኸ። ሊገቡ የነበሩ ሁለት ሴቶችም ጆሯቸውን ይዘው ሸሹ።

«እንግዲያውስ ራሴ እሄዳለሁ!»

«በየትኛው እግርህ?» አለች ድመት።

«በመቀመጫዬ!»

ዱብ! ወደቀ፣ ተነሳ። ተንከባለለና ከአንድ ጫማ ሻጭ ቅርጫት ውስጥ ወደቀ፣ ተነሳ። ከዓሣ ሻጩ ገንዳ ውስጥ ወደቀ፣ ዓሣ ተሸክሞ ተነሳ!

«ዓሣዬን! ያዙት ይሄን ቀይ ሌባ!»

ከመቅደሱ ደጅ ሰዎች እጃቸውን አጨብጭበው ሲጸልዩ፣ በመሀላቸው ዱብ! ጸሎቱ ቀረ፣ ሳቅ ሆነ። ዳሩማ ዞሮ ወደ ሱቁ ተንከባለለ፤ ሕዝቡ በሳቅ እየፈረሰ ተከተለው። የቂጣው ሽታ አፍንጫቸው ውስጥ ሲገባማ ማን ይውጣ? «ለኔ!» «ለኔም!» ዓሣ ሻጩ እንኳ ዓሣውን ረስቶ ሦስት በላ።

«እማማ፣ ዓይኔስ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለች ሃትሱ፤ በአንድ እጇ ቂጣ እየገለበጠች በሌላው ዓይኑን ቀባችለት። ተንሻፎ ወጣ፤ ግን ዓይን ነው። መደርደሪያው ላይ ስትመልሰው አዲሱ ዓይን በድመቷ በኩል ነበርና ዳሩማ ዞር ሳይል ለመጀመሪያ ጊዜ አያት።

«ውይ! እሜቴ፣ ለካ እንዲህ አስቀያሚ ነሽ?»

«በአንድ ዓይንህ ጨዋ ነበርክ!»

በቃ፣ የኔ ይሄ ነው፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። ብቻ ይቺን ያዙ፦ እጅ ያነሳ ሲጣራ ዋለ፣ እግር ያጣ ገበያውን ይዞ ገባ።