ወደ ጎረቤት የዞረው ጠረጴዛ

አንድ የቤት ፕላን ነዳፊ ነበር። አቶ ላቀው ይባላል። እጁ የረጋ፣ መስመሩ የጠራ፣ በሙያው የተመሰከረለት ሰው ነበር። አንድ ብርቱ ጉድለት ግን ነበረበት፤ የሌላ ሰው መወደስ የእርሱ መሰደብ ይመስለው ነበር።

አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ አቶ መርሻም ሙያው ያው ነበር። ሁለቱ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አጎራብተው ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። መሥሪያ ቤታቸው ወደ ሩቅ ከተማ ሲዛወር ግን ቤት ንብረታቸውን ጥለው መሄድ አልፈለጉምና ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ኑሮ በየቤታቸው ሆነው በሚያገኙት ሥራ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆነ።

በአቶ መርሻ ግቢ ውስጥ አንዲት ዕቃ ቤት ነበረች። እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ ቆርቆሮና ማን እንዳስቀመጠው የተረሳ ጆንያ ሞልቶባት ለአይጥ ተለቃ ትኖር ነበር። አቶ መርሻ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ያን ሁሉ አወጣ። የሚረባውን ለሚፈልግ ሰጠ፤ የማይረባውን ጣለ። ግድግዳውን ኖራ ቀባ፤ ወለሉን አስተካከለ፤ በሩን አስፍቶ ብርሃን እንዲያስገባ መስተዋት አስገባበት። ጠረጴዛውን ፊቱ ወደ በሩ እንዲሆን አድርጎ አኖረ። ለባለጉዳይ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች፣ በጥግ በኩል ደግሞ ለተጠማ ውሃ ከነብርጭቆው አሰናዳ።

ሰው ገና ከደጃፉ ሲደርስ አቶ መርሻ እርሳሱን አስቀምጦ ብድግ ይልና እንደ አገሩ ደንብ «ኖር» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። ሥራ ይዞ ለመጣም ሆነ ዝናብ እስኪያባራ ለተጠለለ እኩል ይነሣ ነበር። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ያቺን ክፍል ወደዳት። ጉዳይ የሌለው እንዲሁ ሊጠይቀው ይገባል፤ ሌላ ቀን ፕላን የሚያሠራ ሰው ይዞ ይመለሳል። ሥራው እንዲህ እያለ በዛ።

አቶ ላቀው ይህን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ይመለከት ነበር። መጀመሪያ ላይ ሳቀ፤ ጎረቤታችን ከአይጥ ጋር ማኅበር ገባ እያለ ለሚስቱ ቀለደ። ሰው መመላለስ ሲጀምር ሳቁን ተወ። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብ እንኳ የሚያወራው ስለ መርሻ ብቻ ሆነ፤ መርሻ ዛሬ ማን መጣለት፣ መርሻ ያን ወንበር ከየት አገኘው፣ መርሻ ድሮ መስመር ሲያሰምር እጁ ይንቀጠቀጥ አልነበረም ወይ።

ሚስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ብዙ ታገሠችው። በመጨረሻ እነርሱም የተዘጋ ክፍል እንዳላቸው አስታወሰችው። እውነቷን ነበር። በቤታቸው ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈ ክፍል ነበር፤ አልጋው ተነጥፎ፣ አንሶላው ተተኩሶ፣ ማንም ሳይተኛበት ዓመታት አልፈዋል። ለተራው እንግዳ ክፍሉ ይበዛበታል፤ የሚመጥነው እንግዳ ደግሞ መጥቶ አያውቅም። አቶ ላቀው ክፍሉን ከፈተ።

ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ክፍሉን ሲያሰናዳ «ለሥራዬ ምን ያስፈልገኛል?» ወይም «የሚመጣልኝ ሰው በምን ይመቸዋል?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «መርሻ ምን አለው?» መርሻ ኖራ ከቀባ እርሱ የዘይት ቀለም ቀባ። የመርሻ ጠረጴዛ ባሕር ዛፍ ከሆነ እርሱ ከዋንዛ አሠራ። የመርሻ ወንበር የእንጨት ከሆነ እርሱ የራሱን ቆዳ አለበሰ። መርሻ ውሃ ሲያቀርብ እርሱ ለስላሳ መጠጥ ደረደረ። ለዚህም ሲባል የቤቱ ሬዲዮ ተሸጠ፤ ቀጥሎም ወይዘሮ ደብሪቱ ለክብር ቀን ያኖረችው ጋቢ ተሸጠ።

ጠረጴዛው ሲመጣ ከሁሉ የከፋውን አደረገ። ክፍሉ ወደ መርሻ ግቢ የሚያሳይ መስኮት ነበረው። ለነዳፊ ብርሃን ከፊት ለፊት ዓይን ሲወጋ እንደማይበጅ ተምሯል፤ ለሌሎችም አስተምሯል። እያወቀ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር ገተረው። ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ፣ ጀርባው ወደ ራሱ በር ሆነ።

«በሩን ጀርባ ሰጥተህ ማንን ልታስተናግድ ነው?» አለችው ወይዘሮ ደብሪቱ።

«እርሳሱን የምይዘው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እርሳሱንስ ያዘው። ዓይንህን ማን ይያዝልህ?»

ላቀው ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአቶ ላቀው ዋና ሥራ ማየት ሆነ። ወደ መርሻ ማን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ይከታተል ነበር። ሰው እየሣቀ ከወጣ የተሣቀው በእኔ ነው ይላል፤ ዝም ብሎ ከወጣ ደግሞ ስለ እኔ ክፉ ተነግሮት ነው ይላል። ከመርሻ ክፍል በጎን በኩል፣ ወደ ላቀው ግቢ የዞረች አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች፤ በውስጧ ሁልጊዜ መጋረጃ ተዘርግቶ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ አቶ ላቀው ደሙ ይፈላል። ከመጋረጃው ኋላ መርሻ ቆሞ እንደሚሰልለው ፈጽሞ አልተጠራጠረም። እኔ ቢያንስ በግልጽ አያለሁ፣ እርሱ ግን ለማየት እንኳ ወኔ የለውም እያለ ይንቀው ነበር።

በዚህ መካከል የታወቁት የእህል ነጋዴ ወይዘሮ አጸደ ቤት ሊሠሩ አሰቡ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። እኒህ አሮጊት የቀድሞ መጋዘናቸውን ፕላን የነደፈላቸው አቶ ላቀው ነበርና ውለታውን አልረሱም፤ ወደ መርሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እርሱ መጡ። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በገበያው ዳር ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ ለመሥራት ተነሥተው የወይዘሮ አጸደን ቤት አይተው ለመወሰን ይጠብቁ ነበር። ይህ ሥራ ከሠመረ የላቀው ቤት ለብዙ ዘመን እንጀራ አያጣም። ካልሠመረ ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ዕቃ በቤቱ ውስጥ አልቀረም።

ወይዘሮ አጸደ በበሩ ገብተው ቆሙ። በዚያች ሰዓት መርሻ አንድ የሕንጻ ተቋራጭ ሲሸኝ ስለነበር አቶ ላቀው አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ ነበር። አሮጊቷ ሳል አሉ። አልሰማም። ጥቂት ጠበቁ። በመጨረሻ ከጀርባው ሆነው፣ «ኖር ሳትለኝ በእግዜር ልበልህ መሰለኝ፤ እግሬ ሊከዳኝ ነው» አሉት።

ደንግጦ ተነሣ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እርሳቸውም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ወረቀት አይተው ተቀመጡ። የፈለጉትን አስረዱት፤ ከሰገነታቸው ሆነው ገበያቸውን ማየት እንደሚፈልጉ፣ ደረጃው ለአሮጊት ጎረቤቶቻቸው እንዲመች፣ በራቸው ከመንገድ ሲታይ ግባ ግባ የሚል እንዲሆን። አቶ ላቀው እሺ እሺ አለ። ጆሮው እርሳቸው ጋር፣ ልቡ ግን ከተቋራጩ ጋር ነበር።

ሥራውንም በዚያው ልብ ሠራው። የሰው እጅ የሚሠራው ልቡ ያደረበትን ነውና፣ ሳያውቀው ትልልቆቹን መስኮቶች በሙሉ ወደ አጎራባቹ ግቢ አዞራቸው። ወደ ገበያው በኩል ጠባብ መስኮት ተወ። ሰገነቱን ለመንገዱ ጀርባ ሰጠው። ደረጃውን፣ ባለቤቷ ሳይታዩ የሚወጣውን ሰው እንዲያዩ አድርጎ በግድግዳ ኋላ ሸሸገው። ሲጨርስ እጅግ ረካ። መርሻ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ፕላን ሊነድፍ አይችልም ብሎ አሰበ።

ወይዘሮ አጸደ መጥተው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይህ መስኮት ወዴት ያያል?»

«ወደ ጎረቤትዎ ግቢ ነው፣ እትዬ።»

«ይህኛውስ?»

«እርሱም ወደዚያው ነው። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ቁጭ ብለው ያዩታል።»

«ገበያዬንስ በየት በኩል ላየው ነው?»

አቶ ላቀው ጣቱን ወደ ጠባቡ መስኮት ላከ።

አሮጊቷ ወረቀቱን በቀስታ ጠቀለሉት። «ልጄ፣ እኔ ያዘዝኩህ መኖሪያ ቤት ነው። አንተ የነደፍክልኝ የዘበኛ ማማ ነው። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድም ነገር የለኝ። አንተ ከጎረቤትህ ጋር ያለህን ጣጣ በእኔ ሲሚንቶ አትሥራው» ብለውት ተነሡ።

በመስኮቱ ተከተላቸው። ከእርሱ በር ወጥተው በመርሻ በር ሲገቡ፣ መርሻም ብድግ ሲል በዓይኑ አየ። ቅናት ሰውን የሚቀጣው እንዲህ ነው፤ የሚፈራውን ነገር በገዛ እጁ ያሠራውና ቁጭ አድርጎ ያሳየዋል።

ወሬው ሳይበርድ አቶ መርሻ ራሱ ሊጠይቀው መጣ። አቶ ላቀው አልተነሣለትም። መርሻ እንዳላስተዋለ ሆኖ ቆሞ ተናገረ። ሥራው ለአንድ ሰው እንደሚከብድ፣ በዓምድና በመሠረት ነገር ላቀውን የሚተካከል እንደሌለ ለወይዘሮ አጸደ እንደነገራቸው፣ እንደ ድሮው አብረው ቢሠሩት መልካም መሆኑን አስረዳው።

«እርሳቸውስ ምን አሉ?» አለ ላቀው።

«መሠረቱን እርሱ ይሥራው፣ መስኮት ግን እንዳታስነካው አሉ።»

ከበሩ አጠገብ የቆመችው ወይዘሮ ደብሪቱ ሣቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ላቀው ግን አልሣቀም። ይህ ሰው ውርደቴን ከቅርብ ሊያይ ፈልጎ ነው ብሎ አሰበ፤ እምቢ ሊልም አፉን ከፈተ። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የቀረ ነገር አለመኖሩን ያውቃል። እሺ አለ። እሺ ያለው በፍቅር አልነበረም፤ ግማሹ በችግር ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከዚያ መጋረጃ ኋላ ያለውን ስፍራ አንድ ቀን ለማየት ካለው ጉጉት ነው።

ወደ መርሻ ክፍል ሲገባ መርሻ ተነሥቶ «ኖር» አለው። ላቀው በቅጡ ሳይመልስ ተቀመጠና ዓይኑን ወደ ጎን ግድግዳ ላከ። መስኮት የለም። ከወለል እስከ ጣራ የደረሰ የእንጨት መደርደሪያ፣ በላዩም የተጠቀለሉ ፕላኖች ብቻ ነበሩ።

«በዚህ በኩል መስኮት አልነበረም እንዴ?» አለ።

«አለ፤ ከመደርደሪያው ኋላ ነው። ፀሐይ ወረቀቴን እንዳያደርቅብኝ ጨርቅ ቸንክሬ ዘጋሁት።» መርሻ ይህን እያለ አንድ ጥቅል ስቦ አወጣ፤ ጨርቁም ከኋላ ተንቀሳቀሰ። «ደግሞስ በዚያ በኩል ምን የሚታይ አለ? ያንተ ግቢ እኮ ነው» አለ፤ ወረቀቱንም ዘርግቶ ስለ ዓምዶቹ መጠየቅ ጀመረ።

በንግግሩ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ላቀውን የወጋው ይህ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ሲዋጋ ከርሟል፤ ያ ሰው ግን ጦርነት መኖሩን አልሰማም። ከመጋረጃው ኋላ ማንም ቆሞ አያውቅም። ይህን ሲረዳ ሊያርፍ በተገባው ነበር፤ አላረፈም። ሳይሰለል መቅረቱ ራሱ ቆጨው። ጎረቤቴ እንዲቀናብኝ እንኳ የማልበቃ ሆኜ ቀረሁን ብሎ ተከፋ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ዓምዶቹ ተጠይቋልና፣ የሚያውቀውን ያውቅ ነበርና፣ እርሳሱን አንሥቶ መለሰ።

ቤቱ ተሠራ። ዓምዱ የላቀው፣ መስኮቱ የመርሻ ሆነ። የገበያው ነጋዴዎችም መጡ፤ የመጡት ግን ወደ መርሻ ክፍል ነበር። ለላቀው ሙሉ ሊሆንለት የነበረው እንጀራ ግማሽ ሆኖ ተመለሰለት፤ እርሱንም ያገኘው በሚቀናበት ሰው እጅ ነው። ላቀው በዚያ ቀን ከቅናት ዳነ አልልም፤ ቅናት እንዲህ በቶሎ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ መርሻ ማውራት ሲጀምር ቃሉ በአፉ ላይ ይቆረጥበት እንደነበር ሚስቱ ትመሰክራለች።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ያደረ ዕቃ አውጥቶ ክፍልን ለሥራ ማብቃት ማንም ይችላል፤ ቀለምና ጠረጴዛ ገበያ ላይ አይታጡም። ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት የሚሆነው ግን ከውስጡ ያለው ሰው ለሚገባው ፊቱን ሲሰጥ ብቻ ነው። ቀናተኛ ፊቱን ቀድሞ ለሌላ ሰጥቷልና ለእንግዳው የሚተርፈው ጀርባው ነው። ሙያው ምንም ቢበረታ አያድነውም፤ ቅናቱ በሥራው ውስጥ ገብቶ የሰውን ቤት ያጣምማልና። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ለተቀናበት ሰው እንኳ አለመታየቱ ነው።

አንተም አንባቢ፣ ዘወትር በልብህ የምትከራከረው አንድ ሰው አይጠፋም። ለመሆኑ ያ ሰው እየተከራከርከው መሆኑን ያውቃል?