የጋሽ ተሰማ ወንበር ለማን ይገባል

በአንድ ወቅት፣ ሩቅም አይደል፣ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። በወረዳው ፍርድ ቤት በር፣ ከጃንጥላ ሥር ወንበር ይዘው፣ አሮጌ ላፕቶፓቸውን በርጩማ ላይ አድርገው ዘጠኝ ዓመት የሰውን አቤቱታ ጻፉ። ሲሞቱ የተዉት ያችን ወንበር፣ ያንን ላፕቶፕ፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ በላይነሽንና ሦስት ሴቶች ልጆችን ነው። ቤቱ የሚበላው ከዚያች ወንበር ነበር።

የበሩ ጸሐፊዎች ደንብ አላቸው። የሞተ ሰው ቦታ እስከ አርባው ይጠበቃል፤ አርባው ባለቀ ሰኞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የሚሠራ ኮምፒውተር ይዞ ካልተቀመጠ ለሌላ ይሰጣል። የበሩ አለቃ ጋሽ ዳምጠው ለቅሶ ሊደርሱ መጡና፣ ንፍሮውን እየዘገኑ፣ ቦታውን ለወንድማቸው ልጅ እንዳሰቡት አወሩ። በዚያ በር ሴት ተቀምጣ አታውቅም አሉ።

ታላቂቱ አስካለ ሰማቻቸው። «ጋሽ ዳምጠው፣ ወንበር የሚጠይቀው ቂጥ ነው፣ ጢም አይደለም» አለቻቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ጉዱ የመጣው ከላፕቶፑ ነው። ቢከፍቱት ሰማያዊ ሆኖ ደርቆ ቀረ። አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ አይቶ፣ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተበላሽቷል፣ አዲሱ ደግሞ ለዚህ ሽማግሌ ይከብደዋል፣ ጣሉት አለ። ወይዘሮ በላይነሽም ባዩት ቁጥር ባላቸው ትዝ እያሏቸው አላስቀምጥ ቢላቸው፣ በደጅ ለሚያልፍ ልዋጭ ሰጥተው ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበሉ። እናንተዬ፣ የዘጠኝ ዓመት እንጀራ በሁለት ሳፋ።

አስካለ ከገበያ ስትመለስ ሳፋዎቹን አየች። ከየት መጡ አለች፣ ተነገራት፣ አንጠልጥላቸው ሮጠች። ልዋጩን መናኸሪያ ደረሰችበት፤ ጆንያው መኪና ላይ ሊጫን ነው። ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው አንዴ የተለዋወጥነውን ተለዋውጠናል ይላል፣ ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ረዳቱ ይሳደባል፣ እሷ ንቅንቅ የለም። በመጨረሻ ለፋሲካ የገዛችውን ጫማ አውልቃ በሳፋዎቹ ላይ ጨመረችለት። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ከተማውን በባዶ እግሯ አቋርጣ ገባች። ጫማሽስ ቢሏት፣ ጫማ ማመልከቻ አይጽፍም አለች። እንግዲህ አስካለ ይህን አደረገች። ማንበብና መጻፍ ግን ከፊርማዋ አያልፍም።

መካከለኛዋ ደብሪቱ ዝም የምትል ልጅ ናት፣ ዝምታዋ ግን እንደ በቅሎ ነው፤ ከያዘችው መንገድ አትመለስም። በቴክኒክ ኮሌጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ የሊኑክስ ወዳጆች አሉ ሲባል ሰማች። ሊኑክስ የሚሉት ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። በደቦ የተሠራ ነው፤ ያወቀ ሁሉ እጁን አዋጥቶበታል፣ የፈለገ ሁሉ ወስዶ ይጭነዋል፣ ለአሮጌም አይከብድም። ማኅበርተኞቹ ግን ደንባቸው ደንብ ነው። ያሳያሉ እንጂ አይነኩም፤ ቁልፉን የሚጫነው የባለቤቱ እጅ ብቻ ነው። ደብሪቱ ደግሞ በዕድሜዋ ቁልፍ ነክታ አታውቅም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ፕሮግራሙን የያዘው ፍላሽ እምቢ አለ። በሁለተኛው መብራት ሄደ። በሦስተኛው የማኅበሩ ሰብሳቢ ናርዶስ አጠገቧ ቆማ፣ ደብሪቱ በአንድ ጣቷ እንደ ዶሮ እየለቀመች መሀል ደረሰች። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ናርዶስ አነበበችላት፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የምትፈልጉት ካለ አስቀድመን እናውጣው አለቻት። ደብሪቱ ጠጋኙ ተበላሽቷል ማለቱን አሰበች። ቅል ሳይታጠብ ወተት አይገባበትም ብላ ተጫነችው።

ተነሳ። በአማርኛ ተነሳ። ማኅበርተኛው አጨበጨበ። ቤት ይዛው ስትገባ ግን የዘጠኝ ዓመቱ አቤቱታ ሁሉ፣ የጎረቤታቸው የእትዬ ዘርፌ የመሬት ክርክር ማመልከቻ ሳይቀር፣ ድራሹ የለም። የእትዬ ዘርፌ ማመልከቻ ሰኞ ካልገባ ደግሞ ክርክሩ ይዘጋል። እንግዲህ ደብሪቱም ይህን አደረገች።

ትንሿ ፍሬሕይወት፣ የአባቷን ዓይን ሞራ ከጋረደው ጀምሮ ሦስት ዓመት ከጎናቸው ተቀምጣ የጻፉትን ስታነብላቸው ኖራለች። እሑድ ጠዋት ተነስታ ደብሪቱን ከላፕቶፑ ፊት አስቀመጠቻትና ዓይኗን ጨፈነች። «አመልካች፣ ወይዘሮ ዘርፌ» ብላ ማስጻፍ ጀመረች። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመሬቱን አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን፣ የምስክሮቹን ስም አንድ ሳትስት አወረደችው። እትዬ ዘርፌ ራሳቸው አዳምጠው፣ የእኔን ጉዳይ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች ብለው አለቀሱ። እስከ ምሽት ገና ክርክራቸው ያላለቀውን ሠላሳ አንድ ማመልከቻ ከጭንቅላቷ አወጣችው። ይህች ፍሬሕይወት ግን እናቷ ላፕቶፑን ለልዋጭ ሲሰጡ እዚያው ቤት ነበረች፤ ቃል አልተነፈሰችም።

አርባው ባለቀ ሰኞ ማለዳ አስካለ ወንበሯን ከቦታዋ ተከለች፤ ደብሪቱ ላፕቶፑን አስነሳች፤ የእትዬ ዘርፌ ማመልከቻ ታትሞ መዝገብ ቤት ገባ። ጋሽ ዳምጠው ማመልከቻውን አገላብጠው አዩት፣ እንከን አጡበት። ደብተራቸውን ዘረጉ።

«አንድ ወንበር፣ አንድ ስም» አሉ። «ተራ በተራ የሚባል በዚህ በር የለም። ባለጉዳይ ጸሐፊውን በመልኩ ነው የሚያውቀው። እስከ ስድስት ሰዓት ስም ካልሰጣችሁኝ የወንድሜ ልጅ ይቀመጣል።»

ጋሽ ዳምጠው የሚጠብቁት የእነሱን ጠብ እንደሆነ ሦስቱም ገባቸው። ቢሆንም ተናገሩ።

«ባልሮጥ ኖሮ ዛሬ በሳፋ ነበር የምትጽፉት» አለች አስካለ።

«ባላስነሳው ሬሳ ይዘሽ ነበር የሮጥሽው» አለች ደብሪቱ።

«ያስነሳሽው ባዶውን ነው» አለች ፍሬሕይወት። «ቃሉን የመለስኩት እኔ ነኝ።»

እናታቸውን ቢጠይቋቸው፣ ሦስቱንም ከአንድ ማሕፀን አወጣሁ፣ አታስመርጡኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ይህን ባወራሁበት ቤት ሁሉ ሰው ተጣልቷል፣ አንዱማ ምሳውን ትቶ ሄዷል። እናንተም ተከራከሩ። ታላቅ ናትና ብሎ የሚጀምር ግን ምክንያት ይጨምርበት፤ ሴት ናትና የሚል ካለም ከዚህ ይነሳ። ጃንጥላው ተዘርግቷል፣ ላፕቶፑ በርጩማው ላይ በርቷል፣ ጋሽ ዳምጠው እስክሪብቷቸውን ከፍተዋል፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሦስቱ እህትማማቾች ግን ወንበሩ ከቤታቸው እንዳይወጣ የአንዷን ስም በአንድ አፍ ሊናገሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል።

ከጆንያው ላይ ያዳነችው፣ ያስነሳችው፣ ወይስ ቃሉን የመለሰችው? ወንበሩ ለማን ይገባል?